መርዶ በወረቀት አይነገርም

ካኩማ፣ ኬንያ
ሐምሌ 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአስካል፣ ጂንካ።

የእጅ ጽሕፈቱን አይተሽ የማን እንደሆነ ሳታውቂው አትቀሪም፤ የጎረቤት ልጅ ሆነሽ ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና። አትደንግጪ። ሀብተ ነኝ። ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች ሆኜ አለሁ።

በግንቦት 83 ከጂንካ ስወጣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም ቢሆን። ከኦሞራቴ ወዲያ ያለውን በረሃ በእግሬ አቋርጬ ኬንያ ገባሁ። ከካምፕ ካምፕ ሲያዟዙሩን ቆይተው አሁን ካኩማ የሚባል አቧራ ላይ አራግፈውናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩት ረስቻችሁ አይደለም። የድሮ ካድሬ ደብዳቤ ቤታችሁ ቢገኝ አይበጃችሁም ብዬ ነው።

አሁን ያጻፈኝ በሽታ ነው። ባለፈው ወር ወባ ጣለኝ። አብረውኝ ከተሰደዱት ሹሞች አንድም ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ መሰለኝ፣ እዚህም ስብሰባ አልቀረልንም። ያስታመመኝ ዶላሞ የሚባል የአሪ ሰው ነው። ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ማና። ብሔራዊ ውትድርና ወስዶት ጦሩ ሲበተን እዚህ የደረሰ። ገንፎ አገንፍቶ በእጁ አጎረሰኝ። የአሪ ገበሬ ማናን ከደጁ እንደማያሳልፍ ታውቂያለሽ፤ እኛ የሰፋሪ ልጆችም ቡዳ ነው እያልን ማረሻውን ገዝተን እጁን እንሸሻለን። እኔ ደግሞ በየቀበሌው «ማና የሚባል የለም፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው» እያልኩ አሥር ዓመት ለፍልፌ ከማና ቤት ውሃ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ጎረስኩ። ምን ላድርግ።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። የምፈልገው የእናቴን ወሬ ነው። ከግድግዳዋ ላይ ሥዕሏን ያወረድኩባት፣ የካድሬ እናት አትጸልይም ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ፤ ደህና ሁኚ እንኳ ሳልላት ወጣሁ። ልጅሽ አለ በያት። በግራ ጆሮዋ በኩል ሆነሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ ከዚያ የምትለውን ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪልኝ። ፎቶዋ ካለም ላኪልኝ።

ሀብተ


ጂንካ
ኅዳር 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለማከብርህና ለምሳሳልህ ለጋሼ ሀብተ፤

የሰማዩ አባት በበረሃውም ጥላ ይሁንህ፣ የባዕድ አገር ውሃ ይስማማህ። እኔም ልጆቼም ደህና ነን።

ደብዳቤህን ያመጣልኝ ኤርሳዶ ነው፤ በኦሞራቴ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ የሆሳዕና ሰው። ከመዝገብ ቤት ወጥቼ አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ላሞች በዙሪያዬ ይግጣሉ፤ እኔ አለቅሳለሁ። ያየኝ ሰው ሁሉ ምን ሆነች ይል ነበር። ጋሼ፣ በረሃውን ያቋረጡት ሁሉ በውሃ ጥም አልቀዋል የሚል ወሬ እኮ ሰምተን ነበር። ወሬው እንዴት እንደመጣ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

ስለ እትዬ አልማዝ ጠይቀኸኛል። ደህና ናቸው። ያው እርጅና ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሌላ የለባቸውም። አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ ያቆየህ አምላክ ይመስገን፣ ከእንቅፋት ይሰውርህ» ብለውሃል። ፎቶ ቤት መሄድ ግን በጉልበታቸው ምክንያት አልሆነላቸውም።

የማና ገንፎ ጎረስኩ አልክ? አንተ የጎመን ወጥ ጨው በዛ ብለህ ሳህን የምትገፋው ሰውዬ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ቢሰማ የሚስቅ እንጂ የሚያምን የለም። ደግሞም ሚስጥር ነው፤ በሕይወት መኖርህን አሁን ለሰው ማውራት ጥሩ አይመስለኝም።

አክባሪህ አስካል


ካኩማ
ሚያዝያ 25 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአስካል፤ ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

እናቴ «ከእንቅፋት ይሰውርህ» አለች? ድሮ የምትለኝ «ልብ ይስጥህ» ነበር፤ ስወጣም ስገባም፣ ስቆጣትም ጭምር። እርጅና አለስልሷታል ማለት ነው። ለማንኛውም ወረቀቱን ከኪሴ አልለየውም።

ስለ ዶላሞ ልንገርሽ፤ እዚህ ሌላ ወሬ የለም። የዘይት ጣሳ እየቀጠቀጠ ምድጃ ይሠራል፤ ሱዳኖቹም ሶማሌዎቹም ከእሱ ነው የሚገዙት። አንድ መጽሐፍ ቅዱስ አለው፤ ግን ከአንደኛ ክፍል ያቋረጠ ስለሆነ ማንበብ አይችልም። አንድ ቀን ይዞት መጣና፣ «አንተ ማንበብ ታውቃለህ፣ እኔ ማመን አውቃለሁ። እንረዳዳ» አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ውል ተዋውያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። ይኸው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እሱ ጣሳ ይቀጠቅጣል፣ እኔ አነባለሁ። ነገሩ እንደማይገባኝ፣ እንደማላምንበትም ነግሬዋለሁ። «ድምፅህ ይበቃል» አለኝ።

የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ያስቸግራል። ጌታውን ሲሰቅሉት አነብለት ነበር። መዶሻውን አስቀመጠና፣ «ምስማሩን የሠራው ሰው ስሙ ማነው?» አለ። ገጹን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ፈለግኩ፤ የለም። «የእኔ ሰው ነው» አለ። «ሸጠ፣ ሄደ። ለምን እንደሚሆን አላወቀም። እሱን ይቅር ብሎት ይሆን?» ሌሊቱን አልተኛሁም።

በነጋታው ስለ አገሩ ጠየቅኩት። የእሱ መንደር ጸሎት ቤት ታሽጎ እሱም ሰባት ወር ጂንካ ታስሮ እንደነበር ነገረኝ። ታስሮ ሳለ የመጀመሪያ ልጁ ሞተ። አስካል፣ ያንን ጸሎት ቤት ያሸግኩት እኔ ነኝ። የመጤ ሃይማኖት ብዬ በሩ ላይ ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እሱ «ያዘዘው ካድሬ ሩቅ ቆሞ ነበር፣ መልኩን አላየሁም» ይላል። እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።

ሚስቱ መሰረት ትባላለች፤ ቅዳሜ ገበያ ሸክላ ትሸጣለች። ፈልገሽ ባልሽ አለ በያት። ለእናቴ ይህን አታንብቢላት።

ሀብተ


ጂንካ
ጥቅምት 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ሀብተ፤

አምላክ ደጅህን በሰላም ይጠብቅ፣ ጤናህንም አያጓድልብህ። መልሴ የዘገየው ኤርሳዶ መኪናው ቱርሚ ላይ ተሰብሮበት ወር ስለከረመ ነው፤ በእኔ አትፍረድ።

መሰረትን አገኘኋት። ከሸክላ ተርታው መጨረሻ ላይ ነው የምትቀመጠው። ስሙን ስጠራላት የያዘችውን ገንቦ በቀስታ አስቀመጠችና፣ «አለ ብዬ ነበር፤ ሰዎቹ ሌላ ባል አግቢ ይሉኛል» አለችኝ። ከዚያ በየቅዳሜው እሄዳለሁ። አንድ ቀን እስከ ቤቷ ሸኘኋት። በቅል ውሃ አመጣችልኝ። አልጠማኝም አልኳት። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፣ ላቤም ይንጠባጠብ ነበር። ቅሉን ይዛ ተመለሰች። እንድጽፍልህ የሰጠችኝ ቃል ይህ ነው፦ «ልጆቹ ሁለት ናቸው፣ ትንሹ አያውቀውም። ቶሎ ይምጣ አልልም፣ ይምጣ ብቻ።»

እትዬ ሰላም ብለውሃል። «ልብ ይስጥህ» አሉ፤ እንደ ድሮው።

ያንን የጸሎት ቤቱን ነገር ለመሰረት አልነገርኳትም። አንተም ለሰውዬው አትንገረው። ያለፈ ነገር አልፏል፣ ምን ያደርግልሃል?

አስካል


ካኩማ
ግንቦት 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአስካል፤

በጌታ ፍቅር ሰላም እልሻለሁ። ይህን ቃል ከእኔ ስትሰሚ ፈገግ እንደምትይ አውቃለሁ፤ ፈገግ በይ፣ ይገባኛል። ከዚህ በታች ያለው ለእናቴ ነው፤ አንዲት ቃል ሳትዘይ በግራ ጆሮዋ አንብቢላት።

እማዬ፣ እኔ ነኝ። ዶላሞ ለሚባለው ጓደኛዬ የበደልኩትን ነገርኩት። ጸሎት ቤትህን ያሸግኩት፣ አንተንም ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ አልኩት። መዶሻውን ይዞ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ተነስቶ ሄደ። አሥራ ዘጠኝ ቀን አልመጣም። መጽሐፉ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ልማድ ሆኖብኝ እከፍትና ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የሚሰማ የለም፣ ጣሳ የሚቀጠቅጥ የለም። ቀን እየቆጠርኩ አነበብኩ። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ለማንም አላነብም ነበር፣ ግን የሚሰማኝ ነበረ። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። ድሮ ሁሉን ነገር ማስረዳት እችል ነበር።

በሃያኛው ቀን ዶላሞ መጣ። ተቀመጠና፣ «ካቆምንበት ቀጥል» አለ። ይቅር አልከኝ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ገና ነኝ» አለኝ። «እየሞከርኩ ነው። ልጄ ነው የሞተው። ግን እዚህ የምታነብልኝ አንተ ብቻ ነህ።» እማዬ፣ በዚያ ቀን አመንኩ። ይቅር ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ደግ ሰው ነው ብዬ አልፈው ነበር። ይቅር ሳይለኝ መምጣቱ ነው የጣለኝ።

በዶላሞ ወገን በኩል ነው የገባሁት፤ አንቺ በምታውቂው በር አይደለም። ከፍቶሽ እንደሆነ ንገሪኝ። ያወረድኩብሽን ሥዕል መልሰሽ ስቀዪው። ወደ ሌላ አገር የሚወስዱ ሰዎች ለጥያቄ ስሜን ለጥፈዋል፤ ከተሳካ አንቺን የማይበት መንገድ አይጠፋም። እስከዚያ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ልጄ መመለሱን ሰምቻለሁ በይኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ልጅሽ ሀብተ ማርያም


ጂንካ
ነሐሴ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተ ማርያም፤

እግዚአብሔር የጀመረልህን ይፈጽምልህ።

አነበብኩላቸው። አለቀሱ። ከዚያ «በየትኛውም በር ይግባ፣ ከገባ ይበቃኛል» አሉ። ሥዕሉን ሰቀልነው።

እንደ ድሮው የምጽፈው አልበዛልኝም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ ጥያቄው ግን አንድ ነገር ልምከርህ። እዚያ ስትቀርብ ሁሉን አትዘርግፍ። አስተማሪ ነበርኩ በል፤ ውሸትም አይደለም፣ እኔን አስተምረሃል። ካድሬ ነበርኩ፣ ሰው አሳስሬያለሁ ያለ ሰው ማን ይወስደዋል? ጋሼ፣ ከዚያ አቧራ ውጣልኝ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አስካል


ካኩማ
የካቲት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአስካል፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ለእናቴ አይደለም።

ምክርሽ ደርሶኝ ነበር። ዶላሞንም አማከርኩት። «ለእኔ ነገርከኝ። ለእነሱ ከዋሸህ ለእኔ የነገርከኝ ምንድነው?» አለኝ። እናቴም ከገባ ይበቃኛል ብላለች። ሁለቱን ተደግፌ ኅዳር 6 ቀን ከጠያቂው ፊት ቀረብኩ። ሥራህ ምን ነበር ሲለኝ ነገርኩት። ሰው አስረሃል ወይ ሲለኝ አዎ አልኩ፤ ስማቸውን የማስታውሰውን ሁሉ ተናገርኩ። አስተርጓሚው ልጅ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዳስተካክል ዕድል እየሰጠኝ ነበር። በጥር ወር መልስ መጣ። አልተቀበሉኝም፤ ፋይሌም ተዘግቷል፣ ድጋሚ አይታይም። እዚህ ነው የምቀረው።

ይህስ ይሁን። ከሰል የምናከስልበትን እንጨት ፍለጋ ሁልጊዜ የምንወጣው ሁለት ሆነን ነበር፤ ብቻውን የሚወጣ ሰው አይመለስም ይባላል። በዚያን ዕለት እኔ ጥያቄ ላይ ስለነበርኩ ዶላሞ ብቻውን ወጣ። ስመለስ ምድጃው ቀዝቅዟል። በሦስተኛው ቀን አገኘነው። የገደሉት ከብት ዘራፊዎች ናቸው የሚል አለ፤ የሚያውቅ ግን የለም። የወሰዱት መጥረቢያውን ብቻ ነው። እኔ አንብቤ ቀበርነው። ገና ነኝ እንዳለኝ ነው የሞተው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሜ አልጠየቅኩትም ነበር።

መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ለዚህ ነው ለአንቺ የምጽፈው። መሰረት ከሰው አፍ ትስማ። ሽማግሌ ሰብስበሽ፣ ጎረቤት አዘጋጅተሽ በጠዋት ሂዱላት። ብቻዋን እንዳትሰማው።

እንግዲህ የቀረችኝ እናቴ ናት። ቃሏን ላኪልኝ።

ሀብተ ማርያም


ጂንካ
ጳጉሜን 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተ ማርያም፤

የምርቃት ቃል መጻፍ ስላፈርኩ በቀጥታ እጀምራለሁ።

ደብዳቤህ በሚያዝያ ደረሰኝ። የእድራችንን ሽማግሌዎች መርዶ አለብኝ፣ ተነሱልኝ አልኳቸው። የማን ቤት ነው አሉ። ስነግራቸው አንዱ ሳል ያዘው፣ አንዱ ከብቱን ማየት አለበት፣ የቀሩት ደግሞ «አንቺም አበዛሽው» አሉኝ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል አራት ወር አለፈ። በየቅዳሜው ገበያ እሄዳለሁ፤ ደህና ነው ይላል እላታለሁ፤ ከሐፍረቴ የተነሳ ሸክላ እገዛታለሁ። ቤቴ እንስራ ብቻ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ኤርሳዶን ለመንኩት። የአባቱ አገር ሌላ፣ ሃይማኖቱ ከእነሱ ጋር አንድ፣ ሽማግሌ ነኝ ለማለት ዕድሜው ያላደረሰው ሰው ነው፤ እሱ ብቻ እሺ አለኝ። ከጸሎት ቤታቸው ሁለት ሴቶች ይዘን ጠዋት ገባን። ጭቃ እየለወሰች ነበር። ኤርሳዶ ነገራት። አልጮኸችም። እጇን ከጭቃው ሳታወጣ፣ «መቼ?» አለች። በኅዳር አላት። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ መቼ ሰማሽ?» አለችኝ። በሚያዝያ አልኩ። «ደህና ነው አልሽኝ» አለች። «እንስራዬን ይዘሽ ደህና ነው አልሽኝ። እኔ ለልጆቹ ነገርኳቸው።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ጋሼ፣ «እንዳታዝኚ ብዬ እኮ ነው» ልላት ፈልጌ ተውኩት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። ውሃ ስትሰጠኝ ጠጣሁ። አሁን ምን ዋጋ አለው።

ከዚያ ቤት ስወጣ ለአንተም እንዲሁ እንዳደረግኩ አወቅኩ። ስለዚህ ልንገርህ፤ የሚነግርህ ሽማግሌ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። ተቀመጥ፣ ጋሼ።

እትዬ አልማዝ ያረፉት ግንቦት 9 ቀን 1986 ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤህን ከመጻፍህ ሁለት ወር በፊት። ማመንህን አልሰሙም። የላክሁልህ ቃል ሁሉ የእኔ ነው፤ ከእንቅፋት ይሰውርህ ያልኩህም፣ ልብ ይስጥህ ያልኩህም፣ በየትኛውም በር ይግባ ያልኩህም እኔ ነኝ። የጉልበታቸው ሕመምም የእኔ ፈጠራ ነው፤ የሞቱት በሳምባ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ በነገርኩህ። በ85 ጥቅምት ተገኝ የሚባል ነጋዴ ከኦሞራቴ መጥቶ ያቋረጡት ሁሉ አልቀዋል፣ የአንዱንም ሬሳ አይቻለሁ አለ። ሽማግሌዎች በጠዋት ሄደው ለእትዬ አረዷቸው። ፍትሐት ይደረግለት ብለው ቄሱን ለመኑ። ቄሱ በአምላክ የዘበተ ሰው ነው አሉ። ሦስት እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይገቡ ቆመው ለመኗቸው። በመጨረሻ በክርስትና ስምህ ፍትሐት ተደረገ። በየካቲት ተዝካርህን አወጡ። የጂንካ ግማሽ በልቷል፤ እኔም ወጥ ሳቀርብ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብ ይስጠው ማለት ትተው «ነፍሱን ማርልኝ» ነበር የሚሉት፤ ሲተኙም፣ ሲነሱም። የመጨረሻ ቃላቸውም ይኸው ነበር። ሥዕሉን አንተ በወጣህ በሳምንቱ ራሳቸው ናቸው የሰቀሉት።

እናትህ ሞቱ ብሎ መጻፍ ከባድ ነው። እናትህ አንተን ካለቀሱልህ በኋላ ነው የሞቱት ብሎ እንዴት ይጻፋል? ደብዳቤህን ስቀበል አንተ በሽተኛ ነበርክ። አንድ ጊዜ ብቻ ልዋሽለትና ይዳን አልኩ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። በዚያ ቃል ተደግፈህ ጠያቂው ፊት መቅረብህን ሳነብ ልሞት ነበር።

እዚህ በሕይወት መኖርህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። ይቅር በለኝ አልልህም።

አስካል


ካኩማ
ጥር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአስካል፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። አልተቆጣሁም ብል ውሸት ይሆናል። ደብዳቤሽን ለሁለት ወር ያህል መልስ ሳልሰጠው የቆየሁት ስድብ ብቻ ይመጣብኝ ስለነበር ነው። አሁን ቁጣው ደክሞታል፤ እኔም ደክሞኛል።

ከድንኳኑ ደጅ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ ሱዳኖች ማን ሞተብህ አሉኝ። እናቴ አልኩ። መቼ አሉኝ። ከሦስት ዓመት ከስምንት ወር በፊት አልኳቸው። ስቀው ይሄዳሉ ስል ተቀመጡ።

በጂንካ እንደሞትኩ ልቅር። ተዝካሬን የበሉትን ሰዎች አታስቸግሪያቸው። ዶላሞ የሠራቸው ሦስት ምድጃዎች ነበሩኝ፤ ሸጬ ገንዘቡን በኤርሳዶ በኩል ለመሰረት ልኬያለሁ። ያሳሰረው እኔ እንደነበርኩ ንገሪያት። እሷም የምትለው ካለ የምትለውን ብቻ ጻፊልኝ፤ ዝም ካለችም ዝም አለች ብለሽ ጻፊ።

ይህን ሁሉ ቀን የማስበው አንድ ነገር ነው። እናቴ ልጄ ሞቷል ብላ ለነፍሴ ምሕረት ስትለምን እኔ እዚህ ራሽን ተሰልፌ ነበር። እኔ ደግሞ እሷ ከሞተች በኋላ አለች ብዬ ስለ ጉልበቷ ጤና እለምን ነበር፤ ያማታል ያልሽኝን ጉልበት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጠዋት ሳልዘነጋ። የሁለታችንም ጸሎት የተሳሳተ ነበር። ጌታ ሁለቱን ምን እንዳደረጋቸው አላውቅም። አንዳንዴ የእሷ ጸሎት ነው ያገኘኝ ብዬ አስባለሁ፤ ለሞተ ሰው የተጸለየ ጸሎት በሕይወት ያለ ሰው ላይ አርፎ። ግን ይህን ያልኩት ስለምፈልገው ይሁን እውነት ስለሆነ አልለየሁትም።

በዶላሞ እምነት ለሞተ ሰው አይጸለይም። ሞተ፣ አለቀ፣ በፈጣሪው እጅ ነው ይላሉ። ያመንኩት በዚያ ስለሆነ ሕጉን አከብራለሁ። እሷ ሦስት እሑድ ደጅ ቆማ ለእኔ ያደረገችውን እኔ ለእሷ ማድረግ አልችልም።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ እናቴን» አልኩና የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ። ለራሽን ሰልፍ እስኪጠሩን ድረስ እንደዚያው ቆየሁ።

ሀብተ ማርያም